ፐርል የምትባል ልጅ

ቤተሰቤ ውስጥ «ፐርል የምትባል ፈረንጅ እጮኛ ይዟል» ተብሎ መወራት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ወሬውን ያስነሣሁት እኔው ነኝ። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ከጓደኛዬ ጋር በስልክ ስሟገት ደሜ ፈላና «ሰው ሁሉ ቢተዋት እኔ ፐርልን አልተዋትም!» ብዬ ጮህኩ። ማዶ ቡና ሲቆሉ የነበሩት አክስቴ እጃቸው ቀጥ አለ።

«ማን ናት?» አሉ፣ ስልኩን ስዘጋ ጠብቀው።

«ቋንቋ ናት፣ እትዬ።»

«ቋንቋዋንስ ቀስ ብለህ ትለምደዋለህ። እሷ ማን ናት?»

የኮምፒውተር ቋንቋ መሆኗን ላስረዳ ብሞክር ነገሩ ባሰ። «መቼ ተወለደች?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ስለ ፐርል ከተጠየቅሁ አፌን መያዝ አልችልም። ላሪ ዎል የተባለ አሜሪካዊ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያቀረባት ታኅሣሥ 8 ቀን 1980 ዓ.ም. መሆኑን አንድም ሳላጎድል ነገርኳቸው። አክስቴ በጣታቸው ቆጠሩ። «በሰባት ዓመት ትበልጥሃለች!» አሉ። ቡናው አረረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የፐርል ጠበቃ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፤ ደመወዝም የለውም። የፐርል ወዳጆች እ.ኤ.አ. በ1997 ኒውዮርክ ላይ «ፐርል ሞንገርስ» የሚል ስብስብ ከጀመሩ ወዲህ በብዙ አገር ከተሞች ተመሳሳዩ ተፈጥሯል። እኔም ወግ ይድረሰኝ ብዬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ማንም ያልመዘገበው ቅርንጫፍ ከፍቻለሁ። ሊቀ መንበሩ እኔ ነኝ። ጸሐፊውም እኔ፣ ሒሳብ ሹሙም እኔ። ስብሰባ ስጠራ ምልዓተ ጉባኤ ጎድሎብኝ አያውቅም።

የአባላት ምልመላው ላይ ግን አልቀናኝም። ሐምሌ 2016 የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ ላፕቶፕ የገለጠ ወጣት ሁሉ «ኮዲንግ ላይ ነኝ» ይላል። ደስ ይለኝና እጠጋለሁ። «በምን?» እላለሁ። «በፓይተን።» ቀጥሎ ያለውንም እጠይቃለሁ። «በፓይተን።» ከአምስት ሚሊዮኑ አንዱን ቢመርቁልኝ ምን ነበረበት?

የፐርል ምልክት ግመል ነው፤ የታወቀው የማስተማሪያ መጽሐፏ ሽፋን ላይ ግመል ስላለ ነው። ግመል ያለበት ሸሚዝ አሳትሜ ለበስኩ። ታክሲ ውስጥ አንዱ «ሰመራ ስትሄድ ነው የገዛኸው?» አለኝ። ፓይተን በበኩሉ ስሙ እንደሚነግራችሁ ዘንዶ ነው። ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ባየሁ ቁጥር ሥዕሉን ለሙግቴ ልጠቀምበት ያምረኛል፤ የንስሐ አባቴን ፈርቼ ትቼዋለሁ።

ፐርል ነውር የለባትም አልልም። ምልክት ታበዛለች። አንድ ባልደረባዬ በእሷ የጻፍኩትን ፕሮግራም ትክ ብሎ አይቶ «ይሄ ፕሮግራም ነው ወይስ ክታብ?» ብሎኛል። እውነቱን ነው፤ በሚያዝያ የጻፍኩትን በሰኔ ሳነበው ለማን መድኃኒት እንደሆነ ይጠፋኛል። ከምልክቶቿ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ የዶላር ምልክት ነው። አንድ ዋጋ የምታስቀምጥበት ስም ሁሉ ፊቱ ዶላር ይለጠፍበታል፤ ዕድሜ ብለህ ብትሰይመው «$ዕድሜ» ብለህ ነው የምትጽፈው። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ በሚያስጠብቅ አገር ዶላር እንደ ገለባ የምትበትን ቋንቋ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ይህንንም ለአክስቴ ነግሬአቸው ነበር። በማግሥቱ ዘመድ ሁሉ «ዶላር አላት አሉ» ይል ጀመር።

ፐርልን ከሁሉ በላይ የጎዳት ቀጠሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 «ስድስተኛዋ ፐርል እየመጣች ነው» ተባለ። የመጀመሪያው የተሟላ እትም የወጣው በ2015 የፈረንጆች ገና ሰሞን ነው። ወዳጆቿ አሥራ አምስት ዓመት እንደ ኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ደብተራቸውን ታቅፈው ጠበቁ። ዕጣው ሲወጣ ደግሞ የደረሳቸው ሌላ ቤት ነው፤ አዲሲቱ ከቀድሞዋ ጋር የማትግባባ ሆና ተገኘችና በ2019 ስሟ ተለውጦ «ራኩ» ተባለች። በዚህ መሐል ጎረምሳው ወደ ዘንዶው ኮበለለ።

እኔም ብሆን ጀግና አይደለሁም። ቢሮ ውስጥ «በምን ሠራኸው?» ሲሉኝ «በፓይተን» እላለሁ፤ ማታ ማንም ሳያየኝ በፐርል ሠርቼ አድራለሁ። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ማለት ለእኔ ተረት ብቻ አይደለም፤ ግመሉ ሸሚዜ ላይ ነው።

ባለፈው ኅዳር 16 ቀን፣ የገና ጾም በገባ ማግሥት፣ አክስቴ «ና፤ ጀሪካን ያዝልኝና እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እንሂድ» አሉኝ። በሆዳቸው ያለው ገብቶኛል፤ በሰባት ዓመት ከምትበልጠኝ ፈረንጅ በጸበል ሊያላቅቁኝ ነው። ሁለት ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥዬ፣ ላፕቶፔን እንደ ወትሮው በጀርባዬ አዝዬ ተከተልኳቸው።

የኅዳር የእንጦጦ ብርድ አፍንጫ ይቆርጣል። ከባሕር ዛፉ መሐል ከወገባቸው በላይ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ይመጣሉ፤ ነጠላ ያጣፋው ምእመን ሽቅብ ይወጣል። አንዱ በአስፋልቱ፣ አንዱ በአቋራጭ፣ አንዱ በዛፉ መሐል በተረገጠችው ቀጭን መንገድ። «እትዬ፣ የፐርል ሰዎች ትልቁ መፈክራቸው ምን እንደሆነ ያውቃሉ? አንድን ነገር ለመሥራት መንገዱ ከአንድ በላይ ነው ይላሉ» አልኩ። «እኛ እምናውቀው መንገድ ይሄ ነው፤ ወሬህን ትተህ ውጣ» አሉኝ።

አቀበቱ ትንፋሼን ሲነጥቀኝ ዝም ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። እንጦጦ ራሱ ፐርል አይደለም እንዴ? ምኒልክ ከተማቸውን ያኖሩት ተራራው ላይ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ፣ ማርያምና ራጉኤል ዛሬም እዚያው ናቸው። ኋላ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃው ያለበትን ሜዳ ወደዱና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት፤ መኳንንቱም ገበያውም እየተከተለ ወረደ። እንጦጦ ብቻውን ቀረ እንዳትሉ ግን፤ የወረደው ሕዝብ ልጅ ልጅ ወር በገባ በ16 ጀሪካኑን ይዞ ይወጣል። ቤቱ ሜዳ ላይ ነው፤ ጸበሉ ተራራው ላይ።

ፕሮግራመሩም እንዲሁ ነው። በረጅም ጽሑፍ መሐል ስም፣ ቀን ወይም ስልክ ቁጥር በቅርጹ አነፍንፎ የሚያወጣ «ሬጌክስ» የሚባል መሣሪያ አለ። ፐርል ብቻዋን አልፈለሰፈችውም፤ አሳድጋ ለሥራ ያደረሰችው ግን እሷ ናት። ብዙ ድረ ገጽ የተሠራበት ፒ.ኤች.ፒ የሚገለገልበት የዚህ መሣሪያ ስም ራሱ «ከፐርል ጋር የሚስማማ» የሚል ነው። የፓይተንም መመሪያ ስለዚሁ ሲያስረዳ፣ አሠራሩ ፐርል ውስጥ ካለው ጋር እንደሚመሳሰል ገና ከመነሻው ይናገራል። አያችሁ? ሁሉም ተራራው ላይ ወጥቶ ቀድቷል። ወርዶ ሲያበቃ «ፐርል ሞታለች» ይላል፤ ጀሪካኑ ሙሉ ነው።

ጸበሉን ተጠምቀን፣ ጀሪካኖቹን ሞልተን ቅጥሩ ሥር ፀሐይ ልንሞቅ ስንቀመጥ አክስቴ የሚያውቋቸው አንድ አዛውንት መሪጌታ መጡ። አክስቴ ጊዜ አላጠፉም።

«የኔታ፣ ይህን ልጅ ይምከሩልኝ። ፐርል የምትባል ይዛዋለች።»

የኔታ በጭራቸው ዝንብ እያባረሩ አዩኝ። «ክርስቲያን ናት?»

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ጥያቄ ነበር። ስሟን ላሪ ዎል ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 እንዳወጣው፣ ነጋዴው ያለውን ሁሉ ሸጦ ከገዛት ዕንቍ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሌላ ቋንቋ ቀድሞ በስሙ ስለተጠራ ከእንግሊዝኛው አጻጻፍ አንድ ፊደል መጉደሉንም አልደበቅሁም።

«ፊደል ያጎደለ ተማሪ እኛ ዘንድ ይገረፋል» አሉ የኔታ።

ሰውየው የሥነ ልሳን ተማሪ እንደነበረ፣ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ጽሕፈት የሌለው ቋንቋ ምናልባትም አፍሪካ ውስጥ ፈልጎ ፊደል ሊቀርጽለት አስቦ በጤና ምክንያት እንደቀረ ጨመርኩላቸው።

«ወደኛስ ባልመጣ ደግ አደረገ። እኛ ፊደል አለን» አሉ። ከዚያ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «እሺ፣ ይቺ ዕንቍህ ምን ትሠራለች? ዘንድሮ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ታውቃለች?»

ታውቃለች! ባሕረ ሐሳብን በፐርል ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ያውም በራሳችን ቃል። ፐርል ትእዛዝ ከሰጧት የግዕዝ ፊደልን በስምነት ትቀበላለች፤ ስለዚህ ከፕሮግራሜ መሥመሮች አንዱ «$ወንበር = $መደብ - 1» ይላል። ላፕቶፑን ከፈትኩ። ላፕቶፑ ሊነሣ አማጠ። የኔታ አልጠበቁኝም፤ ጣታቸውን አንጓ በአንጓ እየነኩ ጀመሩ።

«አምስት ሺህ አምስት መቶ ዓመተ ፍዳ፣ 2018 ዓመተ ምሕረት፤ ድምሩ 7518። በ19 ግደፈው፤ 13 ይተርፋል፤ መደብ ነው። አንድ ስለ ዘመን አንሣ፤ 12፤ ወንበር። በ11 አባዛው፣ በ30 ግደፍ፤ አበቅቴ 12። ወንበሩን ደግሞ በ19 አባዛው፣ በ30 ግደፍ፤ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሠላሳ ካልሞሉ ተሳስተሃል፤ ተመለስ።»

ሠላሳ ሞሉ። እኔ እዚህ ላይ ነው ያፈርኩት። ስሌቱ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር ስሌቱ ውስጥ ማስገባት በእኛ ሙያ «ቴስት» ይባላል፤ እኔ ቴስት የምጽፈው ሦስት ጊዜ ስለመን ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ይህን ቀመር ያገኘችው ከእስክንድርያው አሥራ ሁለተኛ ሊቀ ጳጳስ ከድሜጥሮስ እንደሆነ ታስተምራለች። የኔታ መሞከሪያውን ከቀመሩ ጋር አብረው በቃላቸው ይዘውታል።

«መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 ዘንድሮ እሑድ ነበር፤ የእሑድ ተውሳክ 7። 18 እና 7፣ 25፤ መባጃ ሐመር። ነነዌ ጥር 25 ሰኞ። የትንሣኤ ተውሳክ 9፤ 25 እና 9፣ 34፤ በ30 ግደፍ። ፋሲካ ሚያዝያ 4።»

ላፕቶፑ ተነሣ። ፕሮግራሙን አስኬድኩት። ሚያዝያ 4።

«እና ይሄ ይህን ለማወቅ መብራት ይፈልጋል?» አሉ የኔታ።

ከመሸነፌ ይልቅ አክስቴ መሳቃቸው አናደደኝ። ለማንሠራራት የዘመኑን ወንጌላዊ አሰላሁ። 7518 ለአራት ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ ማለት ነው። 1879! አዲስ አበባ ስሟን ያገኘችበት ዓመት። የቁጥር አጋጣሚ ነው፤ ግን ቁጥሯ አማረችኝና በግዕዝ እንዲጽፍልኝ አዘዝኩት። ስክሪኑ ላይ ፲፰፻፸፱ ብሎ ወጣ።

የኔታ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አሰገጉ። «ማን አስተማረው?»

እዚህ ላይ ስም መጥራት ግድ ነው። ዳንኤል ያዕቆብ ይባላል፤ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ እንዲገባ ለብዙ ዓመት ከደከሙት ባለሙያዎች አንዱ ነው። ፊደላችን ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰሌዳ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት አንዱ ኮምፒውተር ላይ «ሰላም» ብለህ የጻፍከው ሌላው ላይ ሲከፈት ሰላም የሚነሣ ነገር ሆኖ ይገኝ ነበር። ዳንኤል ታዲያ ለፐርል የግዕዝ ቁጥር መለወጫ፣ የዘመን አቆጣጠራችን ማስሊያ፣ የአማርኛ ቃላትን በድምፃቸው የሚያመሳስል መሣሪያ፣ ፊደሉን በቤቱና በእርከኑ እየለየ የሚፈልግ ሬጌክስ ጽፎ ማንም በነጻ እንዲወስደው አኑሯል። ቁጥሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ግዕዝ ዜሮ የለውም። ፈረንጁን ቁጥር ከቀኝ ሁለት ሁለት እያደረጉ ይከፋፍሉታል፤ በየመሐሉ አንዴ ፻ አንዴ ፼ ይገባል፤ መቶው አንድ ብቻ ሲሆን ደግሞ ፻ ብቻውን ይቆማል እንጂ ፩ አይቀድመውም።

«ፊደሉንም እንዲሁ ያውቃል» አልኩ ልቤ ሞልቶ። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ ብሎ ቢለያይም አንድ ነው ብሎ ይፈልግልዎታል። ሠ እና ሰም እንዲሁ።»

ምነው ባልተናገርኩ! የኔታ ተነሡ። «አንድ ነው? ፀሐይ ሠረቀች፣ ሌባ ሰረቀ፤ ይህ አንድ ነው? ፀሐይቱን ልታስርልን ነው?»

ካላዘዝኩት እንደማይቀላቅል፣ ለግዕዝ ሌላ ለአማርኛ ሌላ ሥርዓት እንዳለው ምዬ ተገዝቼ አስረድቼ አስቀመጥኳቸው። አክስቴ ግን መሳቃቸውን ትተው ነበር።

«ቆይ እስኪ» አሉ። «ሰው ስሙን እንደፈለገ ቢጽፈው ያገኘዋል ነው የምትለው?»

አክስቴ የእድራቸው ገንዘብ ያዥ ናቸው። መዝገቡን ባለፉት ዓመታት ሦስት ጸሐፊዎች እየተፈራረቁ ኮምፒውተር ላይ ጽፈውታል። አንደኛው «ኃይለ ማርያም» ይላል፤ ሁለተኛው «ሀይለማርያም»፤ ሦስተኛው «ሐይለ ማሪያም»። ስለዚህ አንዱ ሰው ሦስት አባል ሆኗል። ወርኃዊ መዋጮ የሚፈለግበት ሦስት ጊዜ ነው፤ ሲሞት ግን ድንኳን የሚተከልለት አንድ ጊዜ። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሁለቱ «ውዝፍ አለባቸው» ተብለው ስማቸው ሲነበብ ሦስተኛው ከወንበሩ ተነሥቶ ይምላል።

ማታውኑ ተቀመጥኩ። የተጋጠመውንና የተነጠለውን ስም አስተካከልኩ፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች አንድ ላይ ሰበሰብኩ፤ «ማርያም»ና «ማሪያም»ን አስታረቅሁ። ፕሮግራሙ አንድ ገጽ አልሞላም። የሚመሳሰሉትን ደርድሮ አወጣ፤ ፈራጅዋ ግን አክስቴ ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው፣ እስክሪብቶ ይዘው፣ «ይሄና ይሄ አንድ ሰው ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን ይለያያሉ፤ አንዱ ዳቦ ቤቱ አጠገብ ያለው ነው፣ አንዱ ሾፌሩ» እያሉ ለዩልኝ። ማሽን ስሙን ያውቃል፤ ዳቦ ቤቱን አያውቅም። ሲነጋ ከሠላሳ በላይ ሰው ከእድሩ መዝገብ ጠፋ፤ ለቅሶ ግን አልነበረም።

በሚቀጥለው ጉባኤ ሊቀ መንበሩ «መዝገቡን ማን አጠራው?» ሲሉ አክስቴ ብድግ ብለው «ፐርል ናት» አሉ። «የልጄ እጮኛ። ባለሙያ ናት፤ ዕድሜዋም ቢሆን ያን ያህል አይደለም።» ቤቱ አጨበጨበ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ብቻ ሲወጣ ጎተት አደረገኝና «ይሄ በፓይተንም ይቻል ነበር እኮ» አለኝ። ይቻል ነበር፤ አልካድኩም። ግን እድሩ መዝገቡ ሲበላሽ ኖሯል፤ ጎረምሳውም ሰፈሩ ውስጥ ኖሯል።

እኔም ከዚያ ወዲህ ስብከቱን ትቻለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ፐርል ውበት ስናገር አንድም ሰው አላመነልኝም፤ አንድ ሌሊት መዝገብ ብለቅም ሙሉ እድር አመነልኝ። የኔታም ቢሆኑ ባሕረ ሐሳብ ድንቅ ነው ብለው አላስተማሩኝም፤ ፋሲካን ነገሩኝና ዝም አሉ። አሁን «ፐርል ለምን?» ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ «የተበላሸ መዝገብ አለህ?»

እናንተም የእድር፣ የማኅበር ወይም የዕቁብ መዝገብ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ገልጣችሁ እዩት። «ኃይለ» ያላችሁትን በ«ሀይለ»ም በ«ሐይለ»ም ፈልጉት። ምስኪኑን ሰው ሦስት ጊዜ አታስከፍሉት። የሚረዳችሁ ካጣችሁ ደግሞ፣ ወር በገባ በ16 እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቅጥር ሥር ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዤ ተቀምጫለሁ። ሸሚዜ ላይ ግመል አለ።